የፕሮሴሰር ዕድሜና የሙቀት መዋዠቅ፤ ከፔዳ የታየ ታሪክ

በባሕር ዳር ከተማ «ፔዳ» የሚለው ስም የግቢ፣ የሰፈርና የታክሲ መቆሚያ መጠሪያ ሆኖ የቀረው፣ በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አካዳሚው መምህራንን ለማሠልጠን የተቋቋመ እንጂ ከሙቀትና ከኤሌክትሮን ጋር ብዙ ግንኙነት አልነበረውም። ይሁንና በ1963 በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ከተከፈተው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር በ2000 ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ፣ ግቢው እንደ ሌሎቹ የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በኮምፒዩተር ተሞላ። ከኮምፒዩተሩም ጋር አንድ ያልተቋጨ ክርክር አብሮ ገባ።

ክርክሩ ሲታይ ቀላል ነው። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ መሣሪያው ይጥፋ ወይስ እንደበራ ይደር? አንደኛው ወገን «ብረት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይደክማል፤ ስለዚህ አይጥፋ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የሚያስረጀው ሙቀቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ይጥፋ» ሲል ይመልሳል። በኋላ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ተነሣ። ይህኛው ፕሮሴሰሩ ሥራ ሲያንሰው ፍጥነቱንና ቮልቴጁን የሚቀንስበትን የኃይል ቁጠባ ሥርዐት «ሙቀቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ዕድሜውን ያሳጥረዋል» ብሎ ይጠረጥርና ከመሣሪያው ዝግጅት ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል። ኮምፒዩተር በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበትና አንድ ጊዜ የተገዛው ዐሥር ዓመት እንዲያገለግል በሚጠበቅበት ሀገር፣ ይህ ጥያቄ የቡና ሰዓት ጨዋታ ብቻ ሊሆን አይችልም። የሚያስገርመው ግን ሦስቱም ወገኖች ከእውነቱ አንዳንድ ቁራጭ የያዙ መሆናቸው ነው። እነዚያ ቁራጮችም እያንዳንዳቸው የተገኙበት ዓመትና ያገኛቸው ሰው አላቸው።

ችግሩን አስቀድሞ የተጋፈጠው የ1946ቱ ኢኒያክ ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ይህ መሣሪያ ወደ 18,000 የሚጠጉ የኤሌክትሮን ቱቦዎች ነበሩት፤ የሚወስደው ኃይልም 150 ኪሎ ዋት ያህል ነበር። ቱቦ ማለት በውስጡ የሚግል ክር ያለው፣ ከአምፖል የማይርቅ ዕቃ ነው። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው በሚበራበት ቅጽበት እንደ ሆነ ማንኛውም ባለቤት ያውቃል። የኢኒያክ ሠራተኞችም ያገኙት ይህንኑ ነበር። ቱቦዎቹ በብዛት የሚበላሹት መሣሪያው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለ ነበር፣ መፍትሔው ጨርሶ አለማጥፋት ሆነ። ከዚያ በኋላ ብልሽቱ በሁለት ቀን ወደ አንድ ቱቦ ያህል ወረደ። በ1954 መሣሪያው 116 ሰዓት ሳይቋረጥ ሠርቶ ከዕድሜው ሁሉ የረዘመውን ጉዞ አስመዘገበ። «አይጥፋ» የሚለው ወገን ትምህርት የተወረሰው ከዚህ ዘመን ነው። ትምህርቱም ለዚያ ዕቃ ፍጹም ትክክል ነበር።

ለነገሩ ይህን ለመማር ፔንሲልቬኒያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964 ሥራ ሲጀምር፣ በሦስት መሣሪያዎቹ ወደ 11 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። የጄኔሬተርን ጠባይ የሚያውቅ መሐንዲስ ማስነሣትና ማቆም መሣሪያውን ከመደበኛ ጉዞው ይበልጥ እንደሚያደክመው አይስተውም። ምክንያቱም የጥቅሉ መዳብ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሚሊዮን 17 እጅ ያህል ሲረዝም፣ የታቀፈበት ብረት የሚረዝመው 12 እጅ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የመከላከያ ልባስ በየማስነሣቱ ይፈተጋል። የኮምፒዩተሩም ነገር በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፤ የሚለየው በመጠኑ ነው።

በ1947 መጨረሻ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ሲገኝ የሚግለው ክር ቀረ። ክሩ ሲቀር ደግሞ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ትራንዚስተር የሚቃጠል ነገር የለውም፤ በጸጥታ ያረጃል እንጂ። የእርጅናው ፍጥነት በምን እንደሚመራ ለመረዳት ወደ ኬሚስቶቹ መዞር ነበረባቸው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር እንዴት በብዜት እንደሚጨምር በቀመር አሳይቶ ነበር፤ ያ ቀመር ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በኋላ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች የዘወትር መሣሪያ ሆነ። «ዐሥር ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል» የሚባለው የሠራተኞች አነጋገርም የመጣው ከዚሁ ነው። አነጋገሩ ለአንዳንድ ዕቃ ይሠራል፤ ለሌላው አይሠራም። ብዙ ሰው ግን ለሁሉም አንድ አድርጎ ይዞታል።

የፕሮሴሰርን ዕድሜ በሚመለከት እጅግ የሚጠቅመው ዓመት 1969 ነው። በዚህ ዓመት ሁለት ሥራዎች ታተሙ። የሁለቱም ደራሲዎች የሚመልሱት ጥያቄ የየራሳቸው ነበር፤ ሲጣመሩ ግን የፔዳን ክርክር ከሞላ ጎደል ይጨርሱታል።

የመጀመሪያው በሞቶሮላ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄምስ ብላክ የጻፈው ነው። በትራንዚስተሮች መካከል የተዘረጉት ስስ የአልሙኒየም መሥመሮች ያለ ምክንያት ይበጠሱ ስለ ነበር፣ የዘመኑ መሐንዲሶች በነገሩ ተጨንቀው ነበር። ምክንያቱ ኋላ ሲገለጥ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ሆነው ተገኙ። ብዙ ጅረት በቀጭን መሥመር ሲያልፍ፣ የዓባይ ጐርፍ የዳር አፈርን እንደሚሸረሽር ሁሉ የብረቱን አቶሞች አንድ በአንድ እየገፋ ከአንድ ቦታ ያነሣና በሌላ ቦታ ይከምራል። በተነሣበት በኩል ክፍተት ይፈጠራል፤ በተከመረበት በኩል ጉብታ ይበቅላል። ብላክ ይህንን በቀመር አስቀመጠው። የመሥመሩ ዕድሜ ከጅረቱ ጥግግት ካሬ ጋር በተቃራኒ ይሄዳል፤ ሙቀትን በሚመለከት ደግሞ የአሬኒየስን ሕግ ይከተላል። ስለዚህ ጅረቱ በግማሽ ቢቀንስ ዕድሜው አራት እጥፍ ይሆናል። ለአልሙኒየም የሚስማማውን የ0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ዋጋ ወስዶ ያሰላ ሰው፣ በ80 ዲግሪ የሚሠራ መሥመር በ60 ዲግሪ ቢሠራ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚኖር ያገኛል። አይቢኤም በ1997 ይፋ ያደረገው የመዳብ መሥመር ችግሩን ቢያቃልለውም ሕጉን አልሻረውም።

ሁለተኛው ሥራ የአይቢኤሞቹ ኖሪስና ላንድዝበርግ ናቸው ያሳተሙት። እነርሱ የተመለከቱት የሲሊኮኑን ውስጥ ሳይሆን ሲሊኮኑን ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዙትን፣ ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ጥቃቅን ጠብታዎች ነው። የጥገና ሠራተኞቻችን ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል «ስታኞ» የሚሉት ቅይጥ ነው። ሲሊኮን በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል ብቻ ሲረዝም፣ ዛሬ የሚቀመጥበት ሰሌዳ አምስት እጥፍ ያህል ይረዝማል። መሣሪያው በሞቀ ቁጥር ሰሌዳው ሲሊኮኑን ጥሎ ይዘረጋል፤ በቀዘቀዘ ቁጥር ይሰበሰባል፤ በመካከል ያለው ስታኞ ወዲህና ወዲያ ይታጠፋል። ሽቦን በእጅ እያጣጠፈ የሰበረ ሁሉ ውጤቱን ያውቃል። ኮፊን በጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ማንሰን ደግሞ በአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም በ1950ዎቹ ለተርባይን ብረቶች ያገኙትን የድካም ሕግ፣ ኖሪስና ላንድዝበርግ ለዚህ ጠብታ አስማምተው ጻፉት። የዑደቱ ጉዳት ከሙቀቱ ልዩነት ጋር እኩል አይሄድም፤ ከካሬው ጋር በሚቀራረብ መጠን ያድጋል።

ካሬ የሚለው ቃል የክርክሩ ቁልፍ ነው። መሣሪያ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 70 ቢደርስ ልዩነቱ 50 ነው። የኃይል ቁጠባው ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ከፍ ዝቅ ቢያደርገው፣ የአንዱ ዑደት ጉዳት ከሙሉ ማጥፋትና ማብራት ሃያ አምስተኛ እጅ ብቻ ይሆናል። ይህም ቢሆን የተጋነነ ግምት ነው። ትንሽ መተጣጠፍ ብረቱ ተመልሶ በሚዘረጋበት ወሰን ውስጥ ስለሚቀር ከቀመሩ ያነሰ ጠባሳ ይተዋል። ከዚህም በላይ ቁጠባው በሺህኛ ሰከንድ የሚያደርገው መውጣትና መውረድ ሲሊኮኑን ይነካዋል እንጂ፣ ቀስ ብሎ የሚሞቀውና ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዘው መቀመጫው ሳይሰማው ያልፋል። ሦስተኛው ወገን የሚፈራው ነገር አለ፤ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

በተቃራኒው በኩል ቁጠባው የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። ፕሮሴሰር የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬና ከፍጥነቱ ብዜት ጋር ይሄዳል። ቮልቴጁ ከ1.3 ወደ 1.0 ወርዶ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ኃይሉ ከቀድሞው ሲሶ በታች ይሆናል። ጅረቱም ሙቀቱም አብረው ይወርዳሉ፤ የብላክ ቀመር በሁለቱም በኩል ዕድሜ ይጨምራል። በዘመናዊ ትራንዚስተሮች ላይ በሙቀትና በቮልቴጅ ብዛት የሚመጣው ቀስ በቀስ የመዳከም ጠባይም ጫናው ሲነሣ በከፊል ይመለሳል፤ ዕረፍት የሚጠቅመው ለሰው ብቻ አይደለም።

እነዚህ ብልሃቶች ግን ስለ ዕድሜ ታስበው የተሠሩ አልነበሩም። የ1971ዱ የኢንቴል 4004 2,300 ትራንዚስተሮች ብቻ ስለ ነበሩት ማራገቢያ ቀርቶ የሙቀት ማስተንፈሻ ብረትም አላሻውም። ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እንዳሳዩት፣ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ከቀነሰ የአንድ ስፍራ ሙቀት አይጨምርም። ሕጉ ለሠላሳ ዓመት ያህል አገለገለ። በመጨረሻ ቮልቴጁ መውረድ እምቢ ሲል ሙቀቱ ፈነዳ። በ2004 የወጣው ፔንቲየም 4 ከጥፍር በማይበልጥ ስፍራ ከ100 ዋት በላይ ያወጣ ነበር፤ ኢንቴልም በዚያው ዓመት የሚቀጥለውን ሞዴል ሠርዞ ወደ ብዙ እምብርት ፕሮሴሰር ዞረ። ቁጠባው በሌላ መንገድ ነው የመጣው። የ1990ው 386 ኤስኤል ለተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ባትሪ ተብሎ ተሠራ። የ1992ቱ የኢነርጂ ስታር ምልክት ለኤሌክትሪክ ሒሳብ ተብሎ ወጣ። የ1996ቱ ኤሲፒአይ የተባለው ስምምነት ቁጠባውን ከሥርዐተ ክወናው እጅ አገባው። በ2000 ደግሞ በሥራ ላይ እያለ ቮልቴጁን የሚቀያይር ፕሮሴሰር ለገበያ ቀረበ። ዕድሜ ማርዘሙ ማንም ያልጠየቀው ምርቃት ነበር።

ታዲያ የማጥፋትና የማብራት ድካም ተረት ነውን? አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 ጀምሮ እርሳስን ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በሕግ ሲያግድ፣ ፋብሪካዎች የግማሽ ምዕት ዓመት ልምዳቸውን ትተው በአዲስ ቅይጥ መሥራት ጀመሩ። በእነዚያ ዓመታት ሁለት ትልልቅ ውድቀቶች ታዩ። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 ለኤክስቦክስ 360 መጫወቻው ጥገና ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መመደቡን አስታወቀ፤ ኩባንያው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገለጸው የተሰበሩት በማብራትና በማጥፋት የሙቀት ጫና የደከሙ፣ በዕቃዎቹ ውስጥ ያሉ ማያያዣዎች ነበሩ። ኤንቪዲያም በሐምሌ 2008 ለአንዳንድ የተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ቺፖቹ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን ገልጾ፣ የቺፑንና የመቀመጫውን ማቴሪያል ድክመት በምክንያትነት ሲጠቅስ የተጠቃሚውን አጠቃቀም ጨምሮ ነበር። ለዚህኛው ጥፋት እርሳስ መቅረቱን ብቻ መክሰስ ግን ከፍርድ መቸኮል ይሆናል። የተጋለጠው በደንብ ያልተዛመዱ ማቴሪያሎች ድክመት ነው።

አሁን ወደ ፔዳ እንመለስ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ትገኛለች። በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። መብራት መጥፋቱም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ2001 በ73 ሜጋ ዋት፣ ጣና በለስ ደግሞ በ2010 በ460 ሜጋ ዋት ቢጨመሩም፣ በማመንጫውና በመሰኪያው መካከል ያለው መሥመር የራሱ ጣጣ አለው። ስለዚህ እዚህ ማጥፋትና ማብራት የባለቤቱ ምርጫ ብቻ አይደለም።

ይህ ስንት ያስከፍላል? ፋብሪካዎች ቺፖቻቸውን ከዜሮ በታች 55 እስከ 125 ዲግሪ ባለው ክልል ብዙ መቶ ጊዜ እያመላለሱ ይፈትናሉ። 700 ጊዜ ቢባል፣ የልዩነቱ መጠን 180 ዲግሪ ስለ ሆነ በካሬው ሕግ ከ9,000 በላይ የ50 ዲግሪ ዑደቶች ጋር ይመጣጠናል። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚጠፋና ለሚበራ መሣሪያ ይህ ስምንት ዓመት ያህል ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚጠፋ ደግሞ ወደ 25 ዓመት ይጠጋል። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ የቅይጡ ዐይነትና የዑደቱ ርዝመት ይለውጡታል። ቢሆንም ማታ ማጥፋት ፕሮሴሰሩን እንደማይገድለው፣ ተደጋጋሚ የመብራት መቋረጥ ግን ችላ የማይባል መሆኑን ለማሳየት ይበቃል።

በእርግጥ የሚሞተው ማን ነው የሚለውን ደግሞ የጥገና ክፍሎች መደርደሪያ ይመሰክራል። የኃይል ማከፋፈያው ሳጥን፣ በውስጡ ፈሳሽ ያላቸው ካፓሲተሮች፣ የማራገቢያው ኩሺኔታና ዲስኩ ፕሮሴሰሩን ቀድመው ይሄዳሉ። የዐሥር ዲግሪው አነጋገር በትክክል የሚሠራው ለእነዚያ ካፓሲተሮች ነው፤ ፈሳሻቸው በሙቀት ይደርቃልና። መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ የሚመታውም አስቀድሞ እነርሱን ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መሰኪያውን ነቅሎ፣ ሲመለስም እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ለመሣሪያው ከማናቸውም የዝግጅት ለውጥ ይበልጥ ይበጀዋል። ቁጠባውን ማጥፋት ደግሞ ሳጥኑንና ማራገቢያውን ያለ ዕረፍት ማሠራት ነው፤ ፕሮሴሰሩን እጠብቃለሁ ሲሉ ጎረቤቶቹን መግደል ይሆናል።

ከፍታውም የራሱን ይወስዳል። በ1,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞር ያንኑ ይዘት ያለው አየር ይነፋል፤ የአየሩ ክብደት ግን አነስተኛ ስለ ሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ማስተንፈሻው አቧራ ከለበሰና ከፕሮሴሰሩ ጋር የሚያገናኘው ቅባት ከደረቀ፣ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ መሣሪያው መዝገሙ አይቀርም። ይህን ብዙዎች እንደ እርጅና ይቆጥሩታል። እርጅና ግን አይደለም፤ ከፔንቲየም 4 ወዲህ ፕሮሴሰር ሲግል ራሱን የሚገታበት ሥርዐት አለው። ብሩሽና አዲስ ቅባት ያድሱታል።

እስካሁን የተባለው ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። ሌሊትና ቀን የማይጠፋው ሰርቨር የሚፈራው ዑደትን ሳይሆን ሙቀትን ነው። የአሜሪካው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አሽሬ ባወጣው ምድብ፣ ኤ2 ለሚባለው ዐይነት ሰርቨር የሚገባው አየር ከ35 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። ለባሕር ዳር ይህ 3 ዲግሪ ነው፤ ወሰኑ 32 ይሆናል። በሚያዝያ ቀትር የውጩ አየር 30 ሲደርስ በመካከል የሚቀረው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሰርቨሮቹን ብቻ እንዲይዝ ከተደረገና ማቀዝቀዣው በዚያው መሥመር ላይ ካልተቀጠለ፣ ክፍሉ በተዘጋ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያ 2 ዲግሪ ያልቃል።